ማላያላም፣ ሳንታሊ እና አቃቂ ላይ የተገናኙት ፊደሎች

አቃቂ ላይ የሕንዶች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከመተከሉ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በሕንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ በምትገኘው የኮላም ወደብ አንድ የአገር ገዥ ለክርስቲያኖች ርስትና መብት ሰጠ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 849 ነው። ገዥው አያን አዲካል፣ ተቀባዩ ማር ሳፒር ኢሾ ይባላሉ። ውሉ የተቀረጸው በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሲሆን ከምስክሮቹ ገሚሱ በኩፊ ዐረብኛ፣ ገሚሱ በፋርሶች ፓህላቪ፣ ገሚሱ በዕብራይስጥ ፊደል ፈርመዋል። የውሉ ቋንቋ ከታሚል እየተለየ በመውጣት ላይ የነበረው ማላያላም ነው። ሰሌዳዎቹ ዛሬም በኬረላ አብያተ ክርስቲያናት እጅ ይገኛሉ።

ማላያላም እንግዲህ ገና ሲወለድ ጀምሮ ሰነድ ያለው ቋንቋ ነበር። በዚያው አገር፣ በስተ ምሥራቅ፣ በጫካና በኮረብታ መካከል ይነገር የነበረው ሳንታሊ ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በቃል ብቻ ኖረ። ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ይሁኑ እንጂ በትውልድ አይገናኙም። ማላያላም ከታሚልና ከቴሉጉ ጋር የድራቪዳውያን ነገድ ነው። ሳንታሊ ደግሞ የሙንዳ ወገን ስለሆነ ዘመዶቹን ለማግኘት እስከ ካምቦዲያና ቬትናም መሄድ ያስፈልጋል። በዚህ በኩል የእኛዎቹ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ይሻላሉ፤ አንዱ ሴማዊ ሌላው ኩሻዊ ቢሆኑም ወደ ላይ ሲቆጠር አፍሮ እስያዊ በሚባለው አንድ ግንድ ላይ ይገናኛሉ። በጽሑፍ ታሪካቸው ግን ሁለቱ ጥንዶች የሚመሳሰሉበት ብዙ ነው። እዚህ የምተርከው እሱኑ ነው።

ማላያላም ሰነድ ስለነበረው ብቻ ክብር አላገኘም። ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱ የሚጽፉት በሳንስክሪት ነበር። የአገሬው ቋንቋ በግጥም ውስጥ ከሳንስክሪት ጋር እየተቀላቀለ ነበር የሚገባው። አማርኛም በግዕዝ ጥላ ሥር እንዲሁ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለአፄ ዓምደ ጽዮን የተዘመሩት የነገሥታት መዝሙሮች በአማርኛ ተጽፈው ቢቆዩንም፣ ዜና መዋዕል በአማርኛ ለመጻፍ እስከ አፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እስከ ደብተራ ዘነብ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኗል። ለማላያላም ያን መሰል በር የከፈተው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የራማያናን ታሪክ በሕዝቡ ቋንቋ የገጠመው ኤዙታቻን ነው። ኬረላዎች እስከ ዛሬ የቋንቋችን አባት የሚሉት እሱን ነው።

የኬረላ ሙስሊሞች ማላያላምን በዐረብኛ ፊደል፣ ክርስቲያኖቹ ደግሞ በሶርያ ፊደል ይጽፉ ነበር። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ የወሎ ሼኮች በዐረብኛ ፊደል አማርኛ መንዙማ ሲጽፉ ኖረዋልና። አንድ ቋንቋ አንድ ፊደል ብቻ ይገባዋል የሚለው አስተሳሰብ ኋላ ከማተሚያ ቤትና ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጋር የመጣ ነው።

ማተሚያውም መጣ። የመጀመሪያው የማላያላም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1772 ሮም ታተመ። በ1821 ኮታያም ከተማ ላይ የእንግሊዝ ሚስዮን ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። በ1847 ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ሄርማን ጉንደርት የመጀመሪያውን የማላያላም ጋዜጣ አወጣ፤ በ1872 ደግሞ ታላቁን መዝገበ ቃላቱን አሳተመ። (የልብ ወለድ ደራሲው ሄርማን ሄሰ የዚህ ሰው የልጅ ልጅ ነው።) ጉንደርት ፊደል መፍጠር አላስፈለገውም። ፊደሉም፣ ጽሑፉም፣ አንባቢውም ቀድመው ነበሩ።

ሳንታሎች ወደ ጽሑፍ የገቡት በሌላ በር ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1855 ሲዱና ካንሁ ሙርሙ የተባሉ ወንድማማቾች በአራጣ አበዳሪዎች፣ በባላባቶችና በእንግሊዝ ኩባንያ ላይ አመፅ አስነሡ። አመፁ በብዙ ሺህ ሰው ደም ጠፋ። ከ12 ዓመት በኋላ ሁለት የስካንዲኔቪያ ሚስዮናውያን፣ ቦረሰንና ስክረፍስሩድ፣ ቤናጋሪያ በተባለ ቦታ ሚስዮን መሠረቱ። ስክረፍስሩድ በ1873 የሳንታሊን ሰዋስው አሳተመ። ኮሌያን የሚባል አንድ ሽማግሌ የሕዝቡን አመጣጥና ሥርዓት በቃሉ ሲነግረው ጽፎ ያዘና በ1887 መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ለሳንታሊ ከባዱ ነገር በቃል መጨረሻ ላይ እየተዋጡ የሚቀሩት ድምፆች ናቸው፤ አየሩ ጉሮሮ ላይ ይታገድና ድምፁ ሳይፈነዳ ይቀራል። ሚስዮናውያኑ ለእነዚህ ድምፆች ከፊደሉ አጠገብ ምልክት እየጨመሩ ተወጡት።

ስክረፍስሩድ በቤናጋሪያ እየጻፈ ሳለ ምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚባል መንደር ሌላ የጽሑፍ ሥራ ይካሄድ ነበር። የሥራው ባለቤት ኦነሲሞስ ነሲብ ይባላል። ኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ፤ እጅ በእጅ ሲተላለፍ ምፅዋ ላይ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚስዮን ተማረ። አጋዡ አስቴር ጋኖም ከባርነት ነፃ የወጣች ነበረች። ኦነሲሞስ ሲተረጉም እሷ የአፋን ኦሮሞ ቃላትን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ እየለቀመች ትጽፍ ነበር። አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ፊደሉ የግዕዝ ፊደል ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ታሪኮች ይለያያሉ፤ በእኔ ግምት ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሳንታሊን በመጀመሪያ በመጽሐፍ ያሳተመው የውጭ ሰው ሲሆን የቋንቋው ባለቤት ኮሌያን ነጋሪ ብቻ ነበር። የአፋን ኦሮሞን መጽሐፍ ቅዱስ ያስገኙት ግን የቋንቋው ልጆች ራሳቸው ናቸው፤ ያውም ተሸጠው ያደጉ። ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ ነቀምቴ ላይ ማስተማር ጀመረ። ወዲያው ተከሰሰ፤ እንዳይሰብክም ተከለከለ። በ1931 ሲሞት መጽሐፉ በእጁ፣ የቋንቋው ትምህርት ቤት ግን ገና በሩቅ ነበር።

በዚያው ዘመን የሳንታሎች ምድር በብረት ተቀየረ። በምሥራቅ ሕንድ ካለው ከማዩርባንጅ ተራራ የሚወጣው ማዕድን ወደ ጃምሸድፑር እየተጋዘ የታታን የብረት ፋብሪካ መገበ። አንዱ ሳንታል ቁፋሮ ገባ፤ ሌላው ተመልምሎ ወደ አሳም የሻይ እርሻ ሄደ። በዚህ መካከል፣ በማዩርባንጅ ዳንድቦስ መንደር፣ በ1905 ራጉናት ሙርሙ ተወለደ። የተማረው በኦዲያ ቋንቋ ነው። ኦዲያው፣ ቤንጋሊው፣ ሂንዲው እያንዳንዱ የየራሱ ፊደል ሲኖረው የእኔ ቋንቋ ለምን አይኖረውም ብሎ ተነሣና በ1925 ኦል ቺኪ የተባለውን ፊደል ፈጠረ። ዕድሜው 20 ነበር።

ኦል ቺኪ 30 ፊደላት አሉት። ቅርጻቸው የተወሰደው ሙርሙ በየቀኑ ከሚያየው ነው፤ አንዱ ማረሻ፣ አንዱ ማጭድ፣ አንዱ ወደ ራሱ የሚጠቁም ሰው ነው። የማላያላም ፊደል ልክ እንደ እኛው ነው፤ ተነባቢው አናባቢውን ተሸክሞ ይሄዳል፣ «ከ» ቅጥያ ተጨምሮባት «ኪ» እንደምትሆነው። ሙርሙ ግን ተነባቢንና አናባቢን ለየብቻቸው አቆማቸው። እነዚያን ተውጠው የሚቀሩ ድምፆችም ከነሥርዓታቸው ፊደሉ ውስጥ አስገባቸው። ቦዲንግ የተባለው የኖርዌይ ሚስዮናዊ በ1930ዎቹ አምስት ቅጽ ያለው የሳንታሊ መዝገበ ቃላት በኦስሎ ሲያሳትም፣ የቋንቋው ልጅ የሆነ መምህር በመንደሩ ሌላ ፊደል እያስተማረ ነበር። ያኔ ሳንታሊ በላቲን፣ በቤንጋሊ፣ በኦዲያ፣ በዴቫናጋሪና በኦል ቺኪ፣ በአምስት ፊደል ተበትኖ ነበር የሚጻፈው።

ወደ አቃቂ እንመለስ። የጅቡቲው ባቡር በአቃቂ በኩል አልፎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሀዲዱ ያቋረጠው የቱለማ ኦሮሞ ገበሬዎችን ማሳ ነው። ከጣሊያን ነፃ ከወጣን በኋላ በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ደንብ የትምህርት ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ወሰነ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አለው። የአቃቂ ገበሬ ልጅ ተማሪ ቤት ከገባ፣ የገባው በሰው ቋንቋ ነበር። በዚያው ዓመት ግድም፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሦስት ነገሮች በሦስት ቦታ ሆኑ። ኅዳር 1 ቀን ማላያላም የሚነገርባቸው ግዛቶች ተጠቃለው የኬረላ ክልል ተመሠረተ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕንድን ጎበኙ። ሐረርጌ ውስጥ ደግሞ ሼህ በክሪ ሳጳሎ የተባሉ የሃይማኖት ምሁር ለአፋን ኦሮሞ አዲስ ፊደል ፈጠሩ።

ሼህ በክሪን ከራጉናት ሙርሙ ጋር ሳላነጻጽር ማለፍ አልችልም። ሁለቱም መምህራንና ደራሲዎች ናቸው። ሁለቱም ለቋንቋቸው ድምፅ የሚመች ፊደል ከራሳቸው አውጥተዋል። የሙርሙ ፊደል ግን አንድ በር አገኘ፤ የሕንድ ሕገ መንግሥት አናሳዎች ቋንቋቸውንና ፊደላቸውን እንዲጠብቁ ፈቅዶ ነበር። የሼህ በክሪ ፊደል በሐረርጌ ተማሪዎቻቸው እጅ መዛመት ሲጀምር ታገደ፤ እሳቸውም ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር ተያዙ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሶማሊያ ውስጥ በስደተኞች መጠለያ አረፉ። የአንዱን ፊደል ትምህርት ቤት፣ የሌላውን ቁም እስር የጠበቀው በፊደሎቹ ጥራት ልዩነት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ የቢርላ ኩባንያ አቃቂ ላይ የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን አቋቋመ። ሕንዶች በውጭ አገር ካቋቋሟቸው የሽርክና ፋብሪካዎች ፈር ቀዳጁ ነው። የቢርላ ቤተሰብ መነሻ ሰሜን ሕንድ፣ ራጃስታን ስለሆነ በፋብሪካው በኩል የመጣው ሕንድ የማላያላም ተናጋሪ ነበር ማለቴ አይደለም። ማላያላም ወደ አገራችን የገባው በሌላ መንገድ፣ በመምህራን ነው። ከነፃነት በኋላ ቀጥሎም እስከ ደርግ ዘመን ድረስ ከኬረላ የመጡ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ሂሳብና ፊዚክስ አስተምረዋል፤ የዚያ ዘመን ተማሪ የነበረ ሁሉ አንድ ሕንዳዊ መምህር አያጣም። ስመ ጥሩው ፖል ቨርጊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ለማስተማር መጥቶ አማርኛን አጥርቶ ለመደ፤ ኋላም በቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ ረዳት ሆነ። ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ በሚል ስም በሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የሆነው እሱ ነው። በጥር 1957 ዓ.ም. የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ሲሰበሰቡም የኬረላው ካቶሊኮስ ባስልዮስ አውገን ከእነሱ አንዱ ነበሩ።

እስቲ ይህን ከሳንታሎች ጋር አስተያዩት። ከአንዱ አገር አንዱ ሕዝብ መምህር ሆኖ ባሕር ተሻገረ፤ ሌላው የጉልበት ሠራተኛ ሆኖ ማዕድን ቤትና የሻይ እርሻ ገባ። ኮታያም ላይ በ1821 የቆመው ማተሚያ ቤት ከመቶ ምናምን ዓመት በኋላ ለእኛ የፊዚክስ መምህር ላከልን ብል ብዙ አላጋነንኩም። አቃቂም ላይ ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ አለቃና ሠራተኛ የሚግባባበት፣ የደመወዝ መዝገብ የሚጻፍበት ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ከፋብሪካው አጥር ውጭ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ቋንቋ መዝገብ አልነበረውም።

በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎችን ሲወርስ የአቃቂው ጨርቃ ጨርቅም የመንግሥት ሆነ። በዚያው እ.ኤ.አ. 1975 «በሪሳ» የተባለው የአፋን ኦሮሞ ጋዜጣ በግዕዝ ፊደል መታተም ጀመረ። ኋላ የመኢሶን መሪ የሆነው ኃይሌ ፊዳ እ.ኤ.አ. በ1973 በውጭ አገር ሳለ የአፋን ኦሮሞን ሰዋስው በላቲን ፊደል ጽፎ አውጥቶ ስለነበር የፊደሉ ክርክር ተጀምሯል ማለት ይቻላል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተነሣ። በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉም በግዕዝ ፊደል፣ ትምህርት ተሰጠ። እናቶች ምሽት ላይ በኩራዝ «ሀ ሁ» ሲሉ ያየ ሰው ያን ዘመቻ በክፉ ብቻ አያነሣውም። በዚያው እ.ኤ.አ. 1979 የምዕራብ ቤንጋል ክልል መንግሥት ለኦል ቺኪ ዕውቅና ሰጠ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1991 መጣ። ሚያዝያ ላይ ኬረላ መሃይምነትን አጠፋሁ ብላ አወጀች። ኮዚኮድ ከተማ መድረክ ላይ ወጥተው አዋጁን ያሰሙት በዘመቻው ማንበብ የተማሩት አይሻ የተባሉ አዛውንት ናቸው። በዚያው ዓመት፣ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 1984፣ ከአንድ ሺህ በላይ የኦሮሞ ምሁራን አዲስ አበባ በሚገኘው የፓርላማ አዳራሽ ተሰብስበው አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ወሰኑ።

ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የድምፅ ነገር ነው። አፋን ኦሮሞ ውስጥ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ይለወጣል። ነገ የሚለውና ድፍርስ የሚለው ቃል በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ቦሩ» ናቸው፤ ቁቤ ግን አናባቢውን ደርቦ ይለያቸዋል። ሚዛናዊ ለመሆን፣ አማርኛም የሚጠብቀውንና የሚላላውን «አለ» ሳይለይ ብዙ መቶ ዓመት ጽፏል፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይለያል። ኦነሲሞስም በዚሁ ፊደል መጽሐፍ ቅዱስን የሚያህል ሥራ ሠርቷል። ስለዚህ ድምፁ ብቻውን ውሳኔውን አላመጣውም ባይ ነኝ። ለዐሥርት ዓመታት በራስ ቋንቋ መማር የተከለከለበት ትዝታ የፊደሉን ምርጫ ከሰዋስው አስወጥቶ የክብር ጉዳይ አድርጎታል። ራጉናት ሙርሙም ኦል ቺኪን የፈጠረው ለድምፁ ብቻ አልነበረም። ዋጋም ተከፍሏል፤ በግዕዝ ፊደል ማንበብ የተማረው የ1971ዱ ጎልማሳ በአዲሱ ፊደል ዳግም መሃይም ሆነ፤ ልጅና አባት በአንድ ቤት የተለያየ ፊደል ያዙ። ሳንታሎችም ይህን ያውቁታል፤ በባንግላዴሽ ያሉት ክርስቲያን ሳንታሎች የሚስዮኑን ላቲን አልለቀቁም።

ሳንታሊ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕንድ ሕገ መንግሥት ስምንተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ፤ ማላያላም ሠንጠረዡ በ1950 ሲጀመር ጀምሮ እዚያ አለ። በ2011 ቆጠራ ማላያላም ተናጋሪዎች ወደ 35 ሚሊዮን፣ ሳንታሊ ተናጋሪዎች ከ7 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። በእኛ አገር ቁጥሩ ግልብጥ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አፋን ኦሮሞ የ33.8 በመቶው፣ አማርኛ የ29.3 በመቶው ሕዝብ አፍ መፍቻ ነው። ዘግይቶ ትምህርት ቤት የገባው ብዙ ተናጋሪ ያለው ነው። ቁጥር ለቋንቋ በር እንደማይከፍት ከዚህ በላይ ምስክር የለም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከአማርኛ ጋር አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ አጸደቀ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ደግሞ ድሩፓዲ ሙርሙ፣ እንደ ራጉናት ሙርሙ የማዩርባንጅ ተወላጅ፣ የሕንድ ፕሬዚዳንት ሆነች።

ዛሬ ከቃሊቲ ተነሥቶ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ገላን የሚወጣ ሰው የሱቅ ስም በሁለት ፊደል ያነባል፤ ከተማው አልቆ ኦሮሚያ ሲጀምር ቁቤው ወደ ላይ ይወጣል፣ የግዕዙ ፊደል ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱም ፊደሎች በስልክ ይጻፋሉ። ማላያላም ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው ከመነሻው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ገባ፤ ኦል ቺኪ በ2008 ተከተለ። ቁቤ ላቲን ስለሆነ ማንንም መጠበቅ አላስፈለገውም። የሼህ በክሪ ሳጳሎ ፊደል ግን ገና በመዝገቡ ቦታ አላገኘም፤ አንድ ተማሪ በስልኩ ሊጽፈው ቢፈልግ አይችልም። ሥራው የፊደሉን ቅርጾች ከእጅ ጽሑፎቹ መሰብሰብ፣ ማመልከቻ ማዘጋጀትና ቅርጸ ፊደል መሥራት ነው። ቂሊንጦ ላይ፣ እዚያው አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመመረቂያ ጥናት የሚፈልጉ የኮምፒውተር ተማሪዎች አሉት፤ ከእናንተ አንዱ ይህን ይያዘው።